ያለ ባል የተሰቀለ ቅል

መርሳ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ግድግዳ ላይ የወተት መግፊያ ቅል ተሰቅሏል። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ባል የለኝም፤ ፈልጌ ያጣሁ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ባል የሌላት ሴትና የተሰቀለ ቅል ባንድ ጣሪያ ሥር አይኖሩም እያሉ ያሳደጉኝ ሰዎች አሉ፤ የመጀመሪያዋ እናቴ ናት። ይኸው እየኖርን ነው።

ከወልድያ ከፍ ብሎ ባለው መንደራችን ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ከዕቃው ሁሉ ለይታ ሁለት ነገር በእጇ ትሰጣታለች፤ በወይራ የታጠነ የመግፊያ ቅልና በጨርቅ የተቋጠረ የቅል ዘር። ቅሉ አንድ ቀን ይሰበራል፣ በዘሩ ሌላ ይተካል። ዘሩ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ከልጅ ወደ እናት አይወጣም። ለአንዲት ልጅ ሁለት ጊዜ አይሰጥም። ቅል የሚሰቀለውም አባወራ ባለበት ቤት ነው፤ ፈት ሴት ወተት ብትገፋ እንኳ በተውሶ ቅል ገፍታ፣ አጥባ ትመልሳለች። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ ጠይቄ ነበር። «ስለማይሰቀል» አለችኝ እናቴ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ መልስ የሰጠኝ የለም።

የተዳርኩት ሐራ ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም ይሉኛል፤ እኔም ክፉ ነበር አልልም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው ነው የሆነብን። ስድስት ዓመት ኖርን። አንድ ቀን እንግዳ ፊት አፍሽን ከፈትሽ ብሎ በጥፊ መታኝ። ሁለተኛውን አልጠበቅኩም። ልብሴን በአንድ ሻንጣ ከትቼ፣ የስፌት መኪናዬን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ወጣሁ። ቅሉ ግድግዳው ላይ ቀረ፤ ከዘሩ የበቀለውም አጥሩ ላይ ቀረ።

«አንድ ጥፊ ቤት አያፈርስም» አለችኝ እናቴ፣ ወልድያ ዘመድ ቤት ስንገናኝ።

«ታዲያ የኔን ምን አፈረሰው?»

«እግርሽ።»

ሽማግሌ ተልኮ ነበር። እርቅ አልፈልግም ብዬ መለስኩ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳችና፣ «እኔ ቤት መምጣት ትችያለሽ፣ ልጄ ነሽ። እኔ ግን ቤትሽን አልረግጥም» አለች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ቤት ካለሽ» ብላ ጨመረች።

ጥፊው ያመመኝ አንድ ሳምንት ነው። ያቺ «ቤት ካለሽ» ግን ስንት ዓመት ጆሮዬ ላይ ቆየች። እናቴ አንድ ቀን ደፌን ተሻግራ እንድትገባ ፈለግኩ። ለምኜ ግን አይደለም። ልመናውን ትቼው ነው ከሐራ የወጣሁት።

መርሳ የገባሁበት ግቢ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ግቢ ነው። አከራዬ ሰላታቸውን አያጓድሉም፣ ወሬም አያጓድሉም። እኔ መንገድ ዳር በረንዳቸው ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፤ ከበረንዳው ጀርባ ክፍሌ አለች፣ ከክፍሌ ጀርባ ደግሞ በቅንጭብ የታጠረች ጠባብ ጓሮ። ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣ የስፌት መኪናዬን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ እዚያች ጓሮ ቀበርኳትና ሸሸሁ። ስመለስ ዝጋም ቢሆን አገኘኋት። ጉድጓዱ ግን አፈሩ ላልቶ እንደ ተቆፈረ ቀረ። እናቴም ከተሸሸገችበት ገጠር ተመልሳ፣ ቤቱ መዘረፉን፣ ላሟ ግን መትረፏን በአክስቴ በኩል አሰማችኝ።

አንድ ጠዋት የዕቃ እጣቢ ስደፋ ያንን ለስላሳ አፈር አየሁና፣ ቅል ይበቅልበታል አልኩ። ከውርጌሳ በኩል ወተት የምታመጣልኝ ሴት ነበረች። ጎረቤቶቼ በፕላስቲክ ጄሪካን እየናጡ ቅቤ ያወጣሉ፤ ቅቤው ቅቤ ነው፣ ሽታው ግን የጄሪካን ነው። እኔ የራሴን ቅል አበቅላለሁ፣ የራሴ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ፣ ከዚያ ቤት መሆኑንና አለመሆኑን እንነጋገራለን ብዬ ለእናቴ ዘር ላኪልኝ ብዬ ላክሁባት። መልእክተኛዋ ያው አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታናሽ፣ በኛ መካከል ስትመላለስ እግሯ የቀጠነ ሴት።

«ሁለት ጊዜ አይሰጥም በያት ብላለች» አለችኝ አክስቴ።

እሺ አልኩ። በገበያ ቀን ሐራ ሄድኩ።

የድሮ ቤቴ አጥር በመንገድ በኩል ነው። እኔ የዘራሁት ቅል ማንም ሳይንከባከበው ራሱን እየዘራ አጥሩን ሞልቶታል። አንድ ደረቅ ቅል ወደ ውጭ ወድቆ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ሳነሳው የግቢው በር ተከፈተና አዲሷ ሚስት ወጣች። ወጣት ናት። ማን እንደሆንኩ አውቃለች፤ ፊቷ ላይ ታየኝ። የራሴን ዘር ነው የወሰድኩት ልላት አፌን አሰናድቼ ሳለ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ባሏን ልትጠራ ነው ብዬ ጠበቅኩ። መሸሽ አላማረኝም። ይዛ የመጣችው ግን ፌስታል ነው። ቅሉን እንድይዝበት ሰጠችኝና በሩን ዘጋች። እስካሁን ያቺን ልጅ ሳስባት አንጀቴን ትበላኛለች።

ቅሉን ስሰብረው ዝናብ ገብቶት ከፊሉ በስብሷል። ደህና ሆኖ የወጣው ዘር እፍኝ አይሞላም። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ዘሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፤ መኪናዬን ባወጣሁበት ጉድጓድ ፍግና አመድ ጨምሬ ዘራሁት። ዘጠኝ ፍሬ ብቻ ለክፉ ቀን ብዬ ክፍሌ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ መሳቢያ፣ ከክር ማጠንጠኛዎቹ ጋር አስቀመጥኩ።

ቅል ሲያድግ የሚቆጣጠረው የለም። ቅንጭቡን ወጥቶ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዞ፣ የአከራዬ ኩሽና ጣሪያ ላይ ደረሰ። አመሻሽ ላይ ነጫጭ አበባው ይፈካል። ከሥራቸው ትንሽ እብጠት ያላቸው ሴቴዎቹ ናቸው፤ እብጠቷ ናት ቅል የምትሆነው። ግን እየጠቆረች ትረግፍ ጀመር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ የግብርና ሠራተኛ ሳማርርለት ሰምቶ፣ ወንዴውን አበባ ቀጥፌ ሴቴዋን እንድነካት ነገረኝ። በዚያው ምሽት ወንበር ላይ ቆሜ አበባ ከአበባ ሳነካካ አከራዬ አዩኝ።

«ኧረ ወላሂ ጉድ ነው! ራስሽ ባል አልፈልግም ብለሽ ለቅሉ ትድሪያለሽ?»

«ይኼኛው ባል አይማታም እትዬ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ማሻአላህ» ሳይሉ አያልፉም፤ በጣቴ እንዳልጠቁምም አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። የተጠቆመ ቅል ይረግፋል ይባላል። ብዙ ነገር አላምንም፣ ብዙ ነገር እጥሳለሁ፤ በቅሉ ላይ ግን ጣቴን አልቀሰርኩም። ስንቱን ነው ባንዴ የሚዋጉት።

አምስት ቅል ያዘ። መሬት የተኛ ቅል አንገቱ ይጣመማል፤ የተንጠለጠለ ነው ቀጥ የሚለው። ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቁርጥራጭ እየሰፋሁ ለያንዳንዱ ማቀፊያ አበጀሁለት። በመንገድ የሚያልፉ ተማሪዎች የኛን ሸሚዝ የለበሰ ቅል እያሉ ይስቁ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ስህተት ለመናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ቅል ተክሉ ላይ እንዳለ ነው የሚደርቀው፤ ጅራቱ ቡናማ እስኪሆን፣ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ እንስራ እስኪጮህ፣ ሲነቀንቁት ዘሩ እስኪንኮሻኮሽ ይጠበቃል። ይህን የመንደራችን ልጅ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ግን አክስቴ ጥምቀትን ወልድያ አክብራ እኔ ጋ ብቅ እንደምትል ነገረችኝ። እናቴ እንድትሰማ ቅሉ ከጥምቀት በፊት መሰቀል አለበት አልኩ። ጅራቱ ገና አረንጓዴ ሳለ ትልቁን ቆረጥኩት። አከራዬ «ተይ፣ ገና ነው» ቢሉኝ፣ «አንቱ አያስቡ፣ ቤት ውስጥ ይደርቃል» አልኳቸው። ይባስ ብዬ የቀሩትንም ቆረጥኳቸው፣ እንዳይሰረቁ ብዬ።

አክስቴ ስትመጣ ግድግዳው ላይ የነበረው የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያንጠባጥብ ነገር ነው። ሽታውን ለመሸፈን በሩን ከፍቼ ነበር። አክስቴ አየችው፣ እኔንም አየችኝ፣ አልሳቀችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ሰምታ ምን እንዳለች አልጠየቅኩም። ውስጡ የነበረው ዘርም ገና ስላልበሰለ ለመዝራት አልሆነም። ሁሉንም አውጥቼ ጣልኩት።

«እልህ ቅል አያደርቅም» አሉኝ አከራዬ።

እውነታቸውን ነው። ግን እልህ ዘጠኝ ዘር አስቀምጦ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኔ ሰባቱን ዘራሁ። አራት በቀሉ። አሁን አልቸኮልኩም። እናቴ በልጅነቴ ስታደርግ እንዳየሁት የእያንዳንዱን ቅጠል በምላሴ ጫፍ ቀመስኩ፤ የመረረ ቅል የያዘውን ወተት ሁሉ ያመርራል። አንዱ ጉሮሮ ድረስ የሚወርድ መራራ ነበር፣ ነቀልኩት። ሦስቱን አሳደግኩ። አበባውን ዳርኩ፣ ማቀፊያውን ሰፋሁ። ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ቅጠሉ ደረቀ፣ ቅሎቹ ባዶ ሐረግ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ልብስ የሚያሰፉ ሴቶች ይጠይቁኛል፤ «ለማን ነው ቅሉ?»

«ለኔ።»

«ልታገቢ ነው?»

«ወተት ልገፋ ነው።»

አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ዓይኗን ታሸሻለች። አንዷ ግን፣ ባሏ አረብ አገር ሄዶ የቀረባት፣ ሸሚዙን ከተቀበለችኝ በኋላም አልሄድ ብላ ቆማ ቅሉን ታየው ነበር።

ጥምቀት አለፈ። እኔ ጠበቅኩ። ጅራቱ እንደ እንጨት ሲደርቅና ዘሩ ሲንኮሻኮሽ ነው መጋዝ የያዝኩት። አፉን ከፍቼ፣ ዘሩን አውጥቼ፣ ውሃ ሞልቼ ውስጡን አበሰበስኩ። ሽታው ግቢውን አመሰው፤ አከራዬ አፍንጫቸውን ይዘው ሰላታቸውን ወደ ልጃቸው ቤት ወስደው ሰገዱ። በጠጠር ናጥኩት፣ አጠብኩት፣ ያጠብኩበትን ውሃ ቀምሼ ደግሜ አጠብኩት፣ አስር ጊዜ ይሆናል። መራራው ሲለቅ በወይራ አጠንኩት። ጠፍር ስላልነበረኝ ከጂንስ ሱሪ ቁራጭ ጠንካራ ማንጠልጠያ ሰፋሁለት። ሚስማሩን ግድግዳው ላይ መትቼ ሰቀልኩት።

የመጀመሪያው ቅቤ ትንሽ ነበር። ያችኑ ግማሿን ለአከራዬ ሰጠሁ።

አክስቴ እንደገና መጣች። አሁን ቅሉን በመዳፏ ዳሰሰችው፣ አንኳኳችው፣ ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከኔ አልሰማሽም። እናትሽ ቅል የላትም።»

«እንዴት የላትም?»

«በዚያ ጦርነት ጊዜ ሁሉም ተሰባበረ። ጣሪያው ሥር የነበረው የዘር ቋጠሮም አልተገኘም። ከጎረቤት እየተዋሰች ነው የምትገፋው። ሁለት ጊዜ አይሰጥም ያለችሽ፣ የምትሰጠው ስላልነበራት ነው።»

እኔ ሳኮርፍ፣ ሐራ ድረስ ስሄድ፣ እሷ በሰው ቅል እየገፋች አጥባ ትመልስ ነበር። እንደ ፈት ሴት።

«ጥቂት ፍሬ ስጪኝ» አለች አክስቴ። «ከገበያ ገዛሁልሽ እላታለሁ።»

መሳቢያው ክንዴ ሥር ነው። ዘሩ ሙሉ ነው። እጄ ሄዶ ነበር፣ መለስኩት።

«ከገበያ አይደለም። ከኔ ቤት ነው። መጥታ ትውሰድ።»

«ዘር ወደ እናት አይወጣም፤ እሷ ይህን ጥሳ አትመጣም። አሮጊት ናት። ጨካኝ ነሽ!»

«ማን አስተማረኝ?»

አክስቴ ባዶ እጇን ሄደች። ያን ሳምንት ስሰፋ ክር እየበጠስኩ ነው የሰነበትኩት። እናቴ የተዋሰችውን ቅል ታቅፋ የጎረቤት በር ስታንኳኳ ይታየኛል። ልላከው እልና መሳቢያውን እከፍታለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ብልክላት የገበያ ዘር ይሆናል፤ እኔም እንደ ድሮው ቤት የሌላት እሆናለሁ። አልላክሁም። ትክክል ነበርኩ ብዬ አልምልም።

የመጣችው በመርሳ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። በረንዳው ላይ ለደንበኛ ካኖርኩት አግዳሚ ተቀመጠች። በረንዳ ቤት አይባልም፤ አስባበት ነው።

«የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሯል» ብላ ከፌስታል አውጥታ ሰጠችኝ።

ጠርዙን አየሁት። አልተተረተረም፣ ክሩ አንድ በአንድ በእጅ ተፈትቷል። ሰፋሁላት። ቀስ ብዬ ሰፋሁ። ሲያልቅ አጥፌ ጭኗ ላይ አኖርኩላት።

«ዘሩ ውስጥ ነው» አልኳት።

«የምን ዘር?»

እሷም መንገዱን ታያለች፣ እኔም መኪናዬን በጨርቅ እወለውላለሁ።

«ጉልበቴን ያመኛል። አምጪልኝ።»

«ሦስት እርምጃ ነው እማ።»

አከራዬ ከገበያ ሲመለሱ ደረሱ። ማን እንደሆነች ሳይነገራቸው ገባቸው። «እንደምን ዋሉ? ምነው ልጅዎ ቤት እያለች በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ? ይግቡ እንጂ!» ብለው አለፉ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ አንድ እጇን አግዳሚው ላይ፣ አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ተነሳች። ደፉን ተሻገረች።

መጀመሪያ ያየችው ቅሉን ነው።

«በምንድነው ያንጠለጠልሽው?»

«በጂንስ።»

«በሱሪ?»

«በሱሪ።»

«ወይ ጉድ!» አለችና አውርዳ አፉን አሸተተችው። «ወይራው በዝቷል።»

እናቴ በዕድሜዋ አንድም ነገር ሸጋ ነው ብላ አታውቅም፤ በዝቷል ካለች ወዳዋለች። አሬራ ቀዳሁላት። ጠጥታ ኩባያውን መልሳ ዘረጋችልኝ፣ ደገምኩላት።

«ሁለት ጊዜ አይሰጥም ያልኩሽ...» ብላ ጀመረችና አቆመች።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

መሳቢያውን ከፍቼ ዘሩን መዳፏ ላይ አፈሰስኩላት። አንድ በአንድ በጥፍሯ እየጫነች መረጠች፤ ባዶውን ለየች፣ ጥቂት ወስዳ የቀረውን መለሰችልኝ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ቋጠረች። ጣቶቿ ቋጠሮውን ለማጥበቅ ሁለት ሦስት ጊዜ አመለጣቸው፤ ላግዛት አልኩና ተውኩት።

«እጄ እንደ ድሮው አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ከቋጠሮው ሳታነሳ። «ባይበቅልልኝስ? ዘር እንደሆነ ሁለት ጊዜ አይሰጥም።»

«በኔ ቤት ይሰጣል እማ» አልኳት። «እስኪበቅልልሽ ትመጫለሽ።»